የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ገጸ ባሕርይ ድርሰት ሲጽፉ ታሪኩን መልሰው ይተርካሉ፤ ምን ይሻላል?

ጠመኔ፦

ጤና ይስጥልኝ መምህራን። 7ኛና 8ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል ከ55 እስከ 60 ተማሪ አለ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። «ስለዚህ ገጸ ባሕርይ ድርሰት ጻፉ» ስላቸው ሦስት ዓይነት ነገር ይመጣልኛል። ብዙዎቹ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርኩታል። አንዳንዶቹ «ደግ ናት፣ ጎበዝ ናት፣ ጥሩ ናት» ብለው ቅጽል ደርድረው ያቆማሉ። የቀሩት «ከዚህ ታሪክ የምንማረው…» ብለው ምክር ይጽፋሉ።

ኃይለ ቃል (የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚይዘው ዓረፍተ ነገር) ምንድን ነው፣ መግቢያና መደምደሚያ ምን ይይዛል ቢባሉ ትርጉሙን አንድ በአንድ ይመልሳሉ። ሲጽፉ ግን የለም። ከምን ጽሑፍ ብጀምር ይሻላል? ረጅም ልብ ወለድ ለሁሉም ማዳረስ አይቻልም፣ ፎቶ ኮፒም ወጪ ነው። «ማስረጃ አቅርቡ» የሚለውንስ በምን መልክ ላሳያቸው?

ቢጋር፦

እህቴ፣ የዘረዘርሻቸው ሦስቱም የሚመጡት ከትእዛዙ ነው። «ስለ ሴትየዋ ጻፉ» የተባለ ልጅ የሚያውቀውን ይጽፋል፤ የሚያውቀው ደግሞ ታሪኩን ነው። ምክሩም ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ከታች ክፍል ጀምሮ ምንባብ ባለቀ ቁጥር «ከምንባቡ ምን ተማራችሁ?» ሲባሉ ኖረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀየረው ጥያቄው ነው። ሁለት ልጆች አንድ ጽሑፍ አንብበው የተለያየ መልስ ሊሰጡበት የሚችሉት ጥያቄ ይሁን። ሁሉም የሚስማሙበት ከሆነ የሚያስረዱት ነገር ስለማይኖር ወደ ትረካ ይመለሳሉ።

ለጽሑፉ ተረት ያዢ። የአንበሳውን ጸጉር ተረት ብዙዎቹ ያውቁታል። ግን ተረቱ ብዙ መልክ አለው፤ በአንዱ ሴትየዋ የምትቸገረው በባሏ ነው፣ በሌላው በእንጀራ ልጇ። አንዱ ልጅ አያቱ የነገሩትን፣ ሌላው ሌላ ቦታ የሰማውን ይዞ ከመጣ ማስረጃው አይገጥምም። ስለዚህ አንዱን መልክ መርጠሽ ሰሌዳ ላይ ጻፊው፣ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ቁጥር ስጪው፣ እነሱም ደብተራቸው ላይ ይገልብጡት። ይህን ያህል ይበቃል፦

1. ሴትየዋ ሚስቱ የሞተችበትን፣ አንድ ወንድ ልጅ ያለውን ሰው አገባች።
2. ልጁ የጋገረችውን አልበላም፣ የሰፋችለትንም አልለብስም አላት።
3. አንድ አዋቂ ሽማግሌ ዘንድ ሄዳ «ልጁ እንዲወደኝ መድኃኒት ይስጡኝ» አለቻቸው።
4. ሽማግሌው «በሕይወት ካለ አንበሳ ሦስት ጸጉር ነቅለሽ አምጪልኝ» አሏት።
5. በማግስቱ ሥጋ ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች፤ አንበሳውን ስታይ ሥጋውን ከሩቅ አስቀምጣ ተመለሰች።
6. ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ እርምጃ እየቀረበች ሥጋ ታስቀምጥለት ጀመር።
7. ከብዙ ጊዜ በኋላ አንበሳው ከአጠገቧ ሆኖ መብላት ለመደ።
8. አንድ ቀን እየበላ ሳለ ሦስት ጸጉር ቀስ ብላ ነቀለች።
9. ሽማግሌው ጸጉሩን አይተው «መድኃኒት አያስፈልግሽም፤ አንበሳውን እንደቀረብሽው ልጁን ቅረቢው» አሏት።
10. ወደ ቤቷ ተመልሳ እንደተባለችው አደረገች።

ገልብጠው እስኪጨርሱ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይሄዳል። የቀረው ጊዜ ለክርክር ነው። «ሴትየዋ ይበልጥ ደፋር ናት ወይስ ታጋሽ?» ብለሽ እጅ አስወጪ፣ ክፍሉን በሁለት ክፈይው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ የዓረፍተ ነገሩን ቁጥር ያልጠራ አይናገርም። «8 ላይ ከአንበሳ ጸጉር ነቅላለች፣ ደፋር ናት» ይላል አንዱ። «5 ላይ ከሩቅ አስቀምጣ ተመልሳለች፣ ደፋር ብትሆን ትቀርበው ነበር» ይላል ሌላው። ማስረጃ ማለት ምን እንደሆነ ያኔ ይገባቸዋል፤ ትርጉሙን ማስጻፍ አያስፈልግም። ከሰሌዳው ውጪ የሆነ ነገር ይዞ የመጣውን «ቁጥሩ የት አለ?» ብለሽ መልሺው።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አንድ አንቀጽ ብቻ ያጽፉ። ሙሉ ድርሰት ቶሎ ማዘዝ ነው ነገሩን የሚያበላሸው። አንድ አንቀጽ መሥራት ያልቻለ ልጅ አራት አንቀጽ ሲታዘዝ ገጹን የሚሞላበት ነገር ይፈልጋል፤ ትረካ ደግሞ ገጽ ይሞላል። ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያየ ጥያቄ፣ አንድ አንድ አንቀጽ ይጻፉ። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚመጣው፦

«ሴትየዋ በጣም ጎበዝ ናት። ሽማግሌው የአንበሳ ጸጉር አምጪ አሏት። እሷም ሥጋ ይዛ ሄደች። በየቀኑ ቀረበችው። በመጨረሻም ጸጉሩን ነቀለች። ስለዚህ በጣም ጎበዝ ናት። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ታጋሽ መሆን እንዳለብን ነው።»

ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ (የአንድ ልጅ መሆኑ እንዳይታወቅ አንቺው ጻፊው) የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሥራ ጠይቂያቸው። ኃይለ ቃል ከሆነ «ኃ»፣ ከጽሑፉ የተወሰደ ከሆነ «ማ»፣ ጸሐፊው ራሱ ያሰበው ከሆነ «አ»፣ ለአብራሪ። ውጤቱ ኃ፣ ማ፣ ማ፣ ማ፣ ማ፣ ኃ፣ ምክር ይሆናል። «አ» አንድም ጊዜ የለም። ሁሉም በዓይኑ ያየዋል። ከዚያ በኋላ «አብራሩ» እያልሽ ከመለመን «ሁለት አ ይጎድለዋል» ማለት ይበቃል።

ነቁጥ፦

መምህርት፣ ቢጋር ያሉት ላይ ቁጥሩንም ምልክቱንም እስማማለሁ። «ደፋር ወይስ ታጋሽ» የሚለው ጥያቄ ላይ ግን አልስማማም። ክርክር ለማስነሳት ጥሩ ነው፣ ለመጻፍ ግን ጠባብ ነው። ልጁ አንዱን ቃል መርጦ ሦስት ማስረጃ ይደረድርና ያቆማል፤ አንቀጹ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አያልፍም። የሚጽፍ ልጅ የሚያስፈልገው መሐሉ ላይ «ግን» ወይም «ቢሆንም» ያለበት ኃይለ ቃል ነው። «ታጋሽ ናት» ከሚለው «ታጋሽ ብትሆንም…» የሚለው ይበልጣል፤ ሁለተኛው ካልተብራራ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ አይዘጋም።

አብራሪው ዓረፍተ ነገር ከየት ይምጣ ለሚለው አንድ ጥያቄ በደንብ ይሠራል፦ ገጸ ባሕርይዋ ሌላ ምን ማድረግ ትችል ነበር? «ይህ ምን ያሳያል?» ሲባሉ ኃይለ ቃሉን ይደግሙታል፣ «ታጋሽ መሆኗን ያሳያል» ይላሉ፤ የተጨመረ ነገር የለም። «ሌላ ምን ማድረግ ትችል ነበር?» ሲባሉ ግን ያላደረገችውን ማሰብ አለባቸው፤ ከዚያ ያደረገችው ነገር ምርጫ መሆኑ ይታያቸዋል። ጠባይ የሚታየው በምርጫ ነው።

በዚህ መንገድ ከክፍሉ ጋር አብራችሁ ልትሠሩት የምትችሉት አንቀጽ ይኸውላችሁ፦

«ሴትየዋ ታጋሽ ብትሆንም ትዕግሥቷን ለልጁ አልሰጠችውም ነበር። ልጁ የጋገረችውን አልበላም ሲላት ሽማግሌው ዘንድ ሄዳ መድኃኒት ጠየቀች (3)። እናቱ የሞተችበት ልጅ እስኪለምዳት መጠበቅ ትችል ነበር፤ እሷ ግን ቶሎ የሚሠራ ነገር ፈለገች። ለአንበሳው ግን እንዲህ አልሆነችም። በቀን አንድ እርምጃ ብቻ እየቀረበች ሥጋ አስቀመጠችለት (6)። ሮጣ ብትቀርበው ይበላት ስለነበር አውሬው የሚለምድበትን ጊዜ ሰጠችው። ሽማግሌው መድኃኒቱን የከለከሏት ለዚህ ነው፤ ትዕግሥቱ በእጇ ነበር።»

አደራ፣ ይህን ዝግጁ አድርጎ አምጥቶ ማስገልበጥ አይጠቅምም። ኃይለ ቃሉን እርስዎ ይስጧቸው፣ ማስረጃውን እነሱ ይጥሩ፣ አብራሪውን ከሦስት ከአራት ልጅ ሰምታችሁ የተሻለውን ሰሌዳ ላይ ያስፍሩ። ዋናው ትምህርት ያለው ደካማው ዓረፍተ ነገር ተሰርዞ ሌላ ሲተካ ማየታቸው ላይ ነው። ስለዚህ አያጥፉት፣ ሰርዘው ይተዉት።

«ይህም የሚያሳየው…» የሚለውን መንደርደሪያ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት አንቀጾች ይፍቀዱላቸው፣ ከዚያ ይከልክሉ። ካልከለከሉ እያንዳንዱ ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር በእሱ ይጀምርና ጽሑፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል።

የድንበሩ መምህር፦

ለ8ኛ ክፍል ከልብ ወለድ ልስጥ ለሚል ሰው ጥቂት ልጨምር። ሙሉ መጽሐፍ አይጠበቅም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚያህል ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ለ13 ዓመት ልጅ አንብበህ ና ብሎ ማዘዝ ማንበብን ማስጠላት ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ በደንብ የሚታይበት ከአንድ እስከ ሁለት ገጽ ቁራጭ ይመረጥ። ከዚሁ መጽሐፍ ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሩ ጋር የሚጋጩበት ቦታ ለዚህ ይመቻል፤ ድርጊት አለው፣ ንግግር አለው፣ ሌሎች ስለሳቸው የሚሉትም አለ። መምህሩ ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ ያንብብ፤ ለስድስት ልጅ አንድ ቅጂ ቢደርስ ክፍሉ በአሥር ቅጂ ይሸፈናል።

ማስረጃ ሁሉ እኩል አለመሆኑ መነገር አለበት። ገጸ ባሕርይን የምናውቀው ከሚያደርገው፣ ከሚናገረው፣ ከሚያስበው፣ ከመልኩና ከአለባበሱ፣ ተራኪው ስለሱ ከሚለው፣ ሌሎች ሰዎች ስለሱ ከሚያወሩት ነው። ልጆች የሚሳሳቱት በመጨረሻው ነው። የዚሁ መጽሐፍ ገጸ ባሕርይ የሆነውን ካሳ ዳምጤን ሰፈሩ «ጉዱ ካሳ» እያለ እንደ እብድ ስለሚያየው «ጉዱ ካሳ እብድ ነው፤ ምክንያቱም ሰዎች እብድ ይሉታል» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ስለ ሰዎቹ ማስረጃ ነው እንጂ ስለ ካሳ አይደለም። ካሳ የሚናገረውን አስነብበው «እብድ እንዲህ ይናገራል? ታዲያ ለምን እብድ አሉት?» ብለው ይጠይቁ። ከዚህ የሚወጣው አንቀጽ በ8ኛ ክፍል ከሚጻፈው ሁሉ የተሻለ ይሆናል፤ ልጁ ስለ አንድ ሰው ሲጽፍ ስለ ማኅበረሰቡም መጻፉ ነውና።

ቅጽሎቹ ላይም ሥራ አለ። «ደግ፣ ክፉ፣ ጎበዝ» ብቻ ያለው ልጅ የሚያስበውም በሦስት ቃል ነው። ጥንድ ጥንድ አድርጎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይጠቅማል፦ ቆራጥና ግትር፣ ኩሩና ትዕቢተኛ፣ ቁጥብና ስስታም፣ ጠንቃቃና ፈሪ፣ ለጋስና አባካኝ፣ ጨዋና ይሉኝታ ያሰረው። ከጥንዱ የትኛውን ጽሑፉ ይደግፋል ብሎ መጠየቅ በራሱ የድርሰት ጥያቄ ይሆናል። «ፊታውራሪ መሸሻ ኩሩ ናቸው ወይስ ትዕቢተኛ?» የሚለው ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያከራክራል። ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ ጥንድ በአንድ መንፈቅ ይበቃል፤ ሃምሳ ቢለጠፍ አንዱንም አይጠቀሙበትም።

ሁለት የቋንቋ ነገር። አንደኛ አንቱታ። በአንድ አንቀጽ ውስጥ «ፊታውራሪ አዘዙ… ከዚያ ተቆጣ… እሳቸውም» እያሉ ይቀላቅላሉ። ተራኪው ገጸ ባሕርይውን በሚጠራበት መልክ ይጥሩት፣ እስከ መጨረሻም አይለውጡት ብሎ አንድ ደንብ ማውጣት ይሻላል። ሁለተኛ ጥቅስ። ግማሽ ገጽ ገልብጠው «ማስረጃ» ይሉታል። ከአንድ መስመር የበለጠ ጥቅስ አይፈቀድ፤ በትእምርተ ጥቅስ ይግባ፣ ገጹ ይጻፍ፣ ከእያንዳንዱ ጥቅስ በኋላ ቢያንስ ሁለት የራሳቸው ዓረፍተ ነገር ይከተል።

ጠመኔ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ረድታችሁኛል። ሁለት ነገር ልጠይቅ። በዚህ አካሄድ በሁለት ሳምንት አንድ አንቀጽ ቢጽፉ እንኳ ከሁለት ክፍል 120 ደብተር ነው። ማረሙ እንዴት ይሆናል? ደግሞም ከተማሪዎቼ ሩብ ያህሉ አፍ የፈቱት በአማርኛ አይደለም። በክርክሩ ጊዜ ጥሩ ሐሳብ ያመጣሉ፣ ወረቀት ላይ ግን ይጠፋባቸዋል።

ቀይ እስክሪብቶ፦

ስለ እርማቱ። ለአንድ ደብተር አምስት ደቂቃ ቢሰጥ 120 ደብተር አሥር ሰዓት ነው፤ ማንም አይችለውም፣ ስለዚህ ማስጻፉ ይቀራል። የብዙ ትምህርት ቤት ችግር ይኸው ነው። ፈተናውም አብዛኛው ምርጫ ስለሆነ ያላስጻፈ መምህር የሚጠይቀው የለም። መፍትሔው ሁሉንም ስሕተት አለማረም ነው።

አንቀጹን ሲያዩ ኃይለ ቃሉንና «አ» ያለበትን ቦታ ብቻ ይፈልጉ። ኅዳጉ ላይ ሦስት ምልክት ይበቃል፦ «ት» ትረካ ነው፣ «ቁ» ማስረጃው ቁጥር ወይም ገጽ የለውም፣ «ለ» ለምን? ፊደል ግድፈትና ሥርዓተ ነጥብ በዚህ ዙር አይታዩም፤ ካዩም ከሁለት አይለፉ። እንዲህ ከሆነ ለአንዱ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም፤ ለ60 ልጅ አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሁሉንም በአንድ ሳምንት መሰብሰብ ግድ አይደለም። በየሳምንቱ አሥራ አምስት ደብተር በዙር ይሰብስቡ፣ የተሰበሰቡት እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ አይነገር። የቀሩት ደብተር ተለዋውጠው ኃ፣ ማ፣ አ እያሉ ምልክት ያድርጉ። ጓደኛ ለጓደኛ ማርክ እንዲሰጥ ግን አይፍቀዱ፤ ምልክት ብቻ። ማርክ ከተጨመረበት ወዳጅነትና ቂም ይገባበታል።

ለተከታታይ ምዘና ከአሥር የሚያዝ ከሆነ ኃይለ ቃል 2፣ ማስረጃ 3፣ ማብራሪያ 4፣ ቋንቋና ንጽሕና 1 ቢሆን ልጁ ኃይሉን የት ማዋል እንዳለበት ያውቃል። ለእጅ ጽሕፈትና ለርዝመት ነጥብ የተሰጠ እንደሆነ ረጅም ትረካ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ተጽፎ ይመጣል። ነጥቡ ከመጻፋቸው በፊት ሰሌዳ ላይ ይጻፍ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም፤ ድርሰቱን የቤት ሥራ አያድርጉት። ቤት የተጻፈ ነገር ከቴሌግራም ቻናል ወይም ከታላቅ ወንድም የመጣ ሊሆን ይችላል። ክፍል ውስጥ በሃያ ደቂቃ የተጻፈ ስምንት ዓረፍተ ነገር ቤት ከተጻፈ ሁለት ገጽ ይበልጣል። ለቤት ሥራ የሚሆነው ማስረጃ መፈለግ ነው፦ «ለዚህ ኃይለ ቃል ሦስት ቁጥር አምጡ፣ አንዱ የሚቃወመው ይሁን» ይባሉ።

የቅዳሜ ክፍል፦

አፋቸውን በአማርኛ ስላልፈቱት ልጆች። ዋሽንግተን አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሐበሻ ልጆች የምንሰጠው ትምህርት ውስጥ ችግሩ ተመሳሳይ ነው፤ የ12ና የ13 ዓመት ልጆች በትምህርት ቤታቸው ስለ ገጸ ባሕርይ በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፣ ሐሳብ ማቅረብና በማስረጃ መደገፍ ያውቃሉ። አማርኛ ላይ የሚጎድላቸው ማብራሪያውን የሚሸከመው ሰዋስው ነው። ስለዚህ ስለ ድርሰት አወቃቀር ከመድገም ይልቅ ሦስት ማያያዣ መልመድ ይበልጥ ይጠቅማል፦ «ስለ…» (ስለፈራች)፣ «ብት…ም» (ብትፈራም)፣ «ከም… ይልቅ» (ከምትሮጥ ይልቅ)። በሦስቱ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ስለ ሴትየዋ ይሥሩ። «ብትፈራም በማግስቱ ተመልሳ ሄደች» ያለ ልጅ አብራሪ ዓረፍተ ነገር መሥራት ጀምሯል።

ሌላው፣ መጀመሪያ በቃል ይናገሩት። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ «ለምን?» እያለ ሦስት ጊዜ ይጠይቅ፣ ሌላው ይመልስ፤ ከዚያ የመለሰውን ይጻፍ። ስልክ ካለ ተቀርጾ መልሶ ቢሰማ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ ጠያቂው ቁልፍ ቃላቱን ይጻፍለት። በሌላ ቋንቋ መልሰው ቢያስረዱም አይከልከሉ፤ ሐሳቡ ከወጣ በኋላ ወደ አማርኛ ማምጣት ከባዶ ከመጀመር ይቀላል። ርዝመቱን ደግሞ ይቀንሱላቸው እንጂ ጥያቄውን አያቅልሉባቸው። ከስምንት ዓረፍተ ነገር አራት ይበቃል፦ አንድ ኃ፣ አንድ ማ፣ ሁለት አ።

ጠመኔ፦

ይህን ሁሉ ካደረግን በኋላ ከአንቀጽ ወደ ሙሉ ድርሰት እንዴት እንሻገራለን? ምን ያህል ክፍለ ጊዜ ልያዝለት?

ቢጋር፦

ሦስቱ አንቀጾች ካለቁ በኋላ ስድስት ክፍለ ጊዜ ያዢ። አራት አንቀጽ ይበቃል፤ ባለ አምስቱን ለ9ኛ ክፍል ተዪው። አንደኛው ክፍለ ጊዜ ለጥያቄውና ለክርክሩ ነው። ሁለተኛው ለቢጋር፣ ማለትም ለድርሰቱ ንድፍ ነው፤ ቢጋሩ ግን «መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ» የሚል ባዶ ርዕስ እንዳይሆን። የሁለቱን የሐተታ አንቀጾች ኃይለ ቃል በሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከሥራቸው ደግሞ የማስረጃ ቁጥሮችን ይያዝ። ቢጋሩን ሳታዪ መጻፍ እንዳይጀምሩ፤ 60 ቢጋር በወንበር መካከል እየዞርሽ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይታያል፣ የምታነቢው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነውና። ሦስተኛውና አራተኛው ለሐተታው፣ አምስተኛው ለመግቢያና ለመደምደሚያ፣ ስድስተኛው ለማረምና ገልብጦ ለመጻፍ።

መግቢያው መጨረሻ ላይ መጻፉ ግራ እንዳያጋባሽ። መጀመሪያ ሲጻፍ ሁሌም ከሁለቱ አንዱ ይሆናል፦ ወይ «ገጸ ባሕርይ ማለት…» የሚል ትርጉም፣ ወይ የደራሲው የሕይወት ታሪክ፤ ልጁ የሚከራከርበትን ነገር ገና ስላላወቀ ነው። ሐተታውን ከጨረሰ በኋላ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። የመጀመሪያው ሥራውንና ገጸ ባሕርይዋን ያስተዋውቃል፣ ሁለተኛው ያጋጠማትን ችግር በአንድ መስመር ይናገራል፣ ሦስተኛው የልጁን አቋም ይይዛል። ከታሪኩ የሚተረከው በድርሰቱ ውስጥ ይኸው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

መደምደሚያው ላይ ምክሩ ተመልሶ ይመጣል፤ «ስለዚህ ሁላችንም ታጋሽ እንሁን» ይላል። በሱ ፈንታ «ገጸ ባሕርይዋ እንዲህ ባትሆን ኖሮ ታሪኩ የት ላይ ይለወጥ ነበር?» ለሚለው ይመልሱ። ሴትየዋ ትዕግሥት ባይኖራት ታሪኩ 5 ላይ ያልቅ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ወይ ትበላለች ወይ ትታ ትመለሳለች። ይህን የጻፈ ልጅ የገጸ ባሕርይን ጠባይ ከሴራው ጋር አገናኝቷል፤ ነቁጥ ያሉት «ሌላ ምን ማድረግ ትችል ነበር» በትልቁ ተሠራ ማለት ነው።

በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ገልብጠው ከመጻፋቸው በፊት፣ እያንዳንዱ ልጅ የአራቱን አንቀጾች የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ለጎረቤቱ ያንብብ። «አንድ ቀን… ከዚያ በኋላ… በመጨረሻ…» የሚል ከተሰማ ድርሰቱ ትረካ ነው፤ የሁለቱ ሐተታ አንቀጾች መጀመሪያ ተሰርዞ እንደገና ይጻፋል። ስለ ሴትየዋ የሚያከራክር ነገር ከተሰማ ግን ገልብጦ መጻፍ ይችላል። ይህ ማጣሪያ አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ አንቺ ጋ የሚደርሰውን ትረካ በእጅጉ ይቀንስልሻል።